እንጀራ እናትም አፍ አላት

ሚስከር ነገር ውጣ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር የሚኖሩ ያገሯ ልጆች ሲቀልዱ «ሚስከር ዝም ያለች ቀን ቂያማ ቆመ በሉ» ይላሉ። አንድ ጊዜ የሕንጻው ሐሪስ፣ ጥበቃው ማለት ነው፣ የሰገነቱን በር ቆልፎ ሴቶቹን ልብስ ማስጫ ከለከላቸው። ሌሎቹ «ያ ዓሚ፣ አጎታችን» እያሉ ሲለማመጡት እሷ ከነውሃው የሚንጠባጠብ አንሶላዋን አምጥታ እሱ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘረጋችው። ሰውየው ቆሞ ዋለ። የዐስር ሶላት ሳይሰገድ በሩ ተከፈተ።

እንዲህ ያለችው ሴት ታዲያ አንድ ስም ብቻ ሲጠሯት አንገቷን ትደፋ ነበር። የእንጀራ እናት ሲሏት።

ሚስከር የወሎ፣ የወረባቦ ልጅ ናት። ልጅ ሳለች ቁርኣን ቀርታለች፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፣ ከዚያ በላይ ግን የሰፈሯ ሰው የሚያስታውሳት በግድግዳ ነው። ጎጆ ተመርጎ ሲያልቅ በቀይ አፈርና በአመድ ወፍ፣ ላም፣ የሚጋልብ ፈረስ የምትስለው እሷ ነበረች። ሙሽራ የሚያገባ ሁሉ «የሚስከር እጅ ይንካልን» ይል ነበር። ጅዳ ስትመጣ መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራች፤ ኋላ ከፊሏ፣ አሠሪዋ ማለት ነው፣ ፈቅዶላት የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ወደ አንድ የሕጻናት ማቆያ ተዛወረ። እዚያ ልጆቹን ታበላለች፣ እጃቸውን ታጥባለች፣ በአውቶቡስ ታመላልሳለች፣ እናቱን ብሎ የሚያለቅሰውን አዝላ ታባብላለች።

ሙሐመዲንን ያገባችው እዚሁ ነው። እሱ መካ፣ ጀርወል ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የሐጃጆችን ሻንጣ ያወርዳል፣ ይጭናል። ሐሙስ ማታ ጅዳ ይመጣል፣ ቅዳሜ ይመለሳል። የመጀመሪያ ሚስቱ ሉባባ በሕመም ሞታ፣ ገና ጡት ያልጣለች ልጅ ትታለት ነበር። ሚስከር ስትገባ ልጂቱ፣ ዩስራ፣ አራት ዓመቷ ነው። ሚስከር የመጣች ቀን ከበሩ ኋላ ተደብቃ አንድ ዓይኗን ብቻ አሳየች። ሚስከርም አልጎተተቻትም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከሻንጣዋ ከሰል የሚመስል እርሳስ አውጥታ ካርቶን ላይ ድመት ሳለች። የድመቷ ጭራ ሳይሳል ዩስራ ከበሩ ኋላ ወጥታ «ጭራዋስ?» አለች። ትውውቃቸው ይኸው ነው።

«ኻልቲ» ትላታለች። በዐረብኛው አክስቴ ማለት ነው፤ የዚያ አገር ልጆች የአባታቸውን ሚስት እንዲያ ነው የሚጠሩት። ሚስከር «እማዬ በይኝ» ብላ አታውቅም። ለምናትም አታውቅም።

ዩስራ ሰባት ሲሞላት አማርኛ ፊደል ትቁጠር ተብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት አየለች ዘንድ ትሄድ ጀመር። አየለች የጎንደር ሰው ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሀብታም ቤት ወጥ ትሠራለች፣ ቅዳሜ ደግሞ ከሕንጻው ምድር ቤት ባለች ክፍል የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ልጅ ሰብስባ ሀ ሁ ታስቆጥራለች። ልጆቹ በዐረብኛ እየተጣሉ በዐረብኛ የሚታረቁ ናቸው፤ እሷ ግን ተስፋ አትቆርጥም። ፊደሉ ሲሰለቻቸው ተረት ታወራላቸዋለች።

ነገሩ የመጣው በዚያ ነው።

አንድ ቅዳሜ ዩስራ ከትምህርት ስትመለስ ሚስከር እንደልማዷ ወተት አሙቃ፣ ተምር ፈትፍታበት ሰጠቻት። ልጂቱ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ውስጡን አየች። ከዚያ አስቀመጠችው።

«አልጠጣም።»

«ምነው? አሞሻል?»

«መጀመሪያ አንቺ ጠጪ፣ ኻልቲ።»

ሚስከር ጨዋታ መስሏት ሳቀች። አንስታ ግማሹን ጨለጠችና «በይ የቀረው ያንቺ ነው» አለቻት። ዩስራ ግን ብርጭቆውን አልተቀበለችም። ዓይኗን የሚስከር ፊት ላይ ተክላ ቆመች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ትወድቂ እንደሆነ» አለች ዩስራ።

ሚስከር የያዘችው ብርጭቆ ከበዳት። ቀስ ብላ ስትጠይቃት ነገሩ ወጣ። የእንጀራ እናት የሟቿን ልጅ መርዝ ያለበት ወተት አጠጥታ፣ ልጂቱ ስትወድቅ ወንዝ ዳር ጥላት ሄደች። ተረቱ ይህ ነው። ልጆቹም ሁሉ ዞረው ዩስራን አዩዋት። አንዱ «የሷም እናት የእንጀራ ናት!» አለ።

ሚስከር ወተቱን ባጠገቧ አስቀምጣ፣ ሽርጧን ሳትፈታ ደረጃውን ወረደች። አየለች ሰሌዳ እየጠረገች ነበር።

«አየለችዬ፣ ዛሬ ለልጆቹ ምን ተረት ነው ያወራሽላቸው?»

«የእንጀራ እናቲቱን። ምነው?»

«ልጄ ከእጄ ወተት አልጠጣም አለችኝ።»

አየለች ጨርቁን ጣለች። «ውይ በሞትኩት! ሚስከርዬ፣ አንቺን አላሰብኩም እኮ! ተረት ነው። እኔም እናቴ እንደነገረችኝ ነው የነገርኳቸው።»

«እናትሽንስ ማን ነገራት?»

«እናቷ ትሆናለቻ።»

«ከነዚህ ሁሉ ውስጥ የእንጀራ እናት የነበረች አንዲት ሰው አለች?»

አየለች ጨርቁን ከወለሉ አነሳች። ከዚያ ልታባብላት ሞከረች። «አንቺ ደግሞ! አንቺ ደግ ነሽ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምን አስቆጣሽ?»

«ደግ ነሽ አትበዪኝ!» አለች ሚስከር። «የወለደች ልጇን ብትቆጣ ቁጣ ነው፤ እኔ ብቆጣ ተረት ነው። የወለደች ብትደክም ደከማት ነው፤ እኔ ብደክም ጠላቻት ነው። ደግ መሆን አይበቃኝም። ሰው መሆን ነው የምፈልገው።»

ለሙሐመዲን ስልክ ደውላ ስትነግረው እሱ እንደልማዱ ነገሩን ሊያለዝብ ፈለገ። «ተዪው፣ ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ዝም ብሎ አያውቅም» አለችው። «እኔ ሦስት ዓመት ዝም ብዬ ነቅዣለሁ። ኻላስ፣ በቃኝ!»

ምን እንደምታደርግ ግን ገና አላወቀችም። ያወቀችው በዚያው ሳምንት ሥራ ቦታዋ ላይ ነው።

በማቆያው ከምሳ በኋላ መምህርቷ ልጆቹን ምንጣፍ ላይ ሰብስባ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ታነባለች። ሚስከር ከኋላ ተቀምጣ የሚያለቅስ ካለ ትይዛለች። የዚያን ቀን መጽሐፍ የጉላ ነበር። ጉላ የዚያ አገር ልጅ ሁሉ የሚፈራት፣ ጥርሷ የወጣ፣ ፀጉሯ የተንጨባረረ፣ ልጅ የምትበላ ጭራቅ ናት። በዚህ መጽሐፍ ግን የምታወራው ራሷ ጉላ ነች። «እኔ ሮማን ተክዬ ነበር» ትላለች። «ልጆች አጥሬን ዘለው ሮማኔን ሰረቁኝ። ጮህኩባቸው። አገር ሁሉ 'ልትበላን ነው' ብለው አወሩ። እኔ ከምስር በቀር በልቼ አላውቅም።» ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። አንዲቷ ግን እጇን አውጥታ «ታዲያ የዋሸው ማነው?» ብላ ጠየቀች።

መምህርቷ መጽሐፉን ዘጋች። «ማንም አልዋሸም ይሆናል» አለች። «እሷን ግን የጠየቃት አልነበረም።»

ሚስከር በጭኗ የተኛውን ሕጻን ማወዛወዝ አቆመች።

ልጆቹ ሲሄዱ መጽሐፉን ለምና፣ ደጋግማ አገላበጠችው። ቁርኣን የቀራ ዓይን ፊደሉን አይስተውም፤ ዐረብኛውንም ዓመታት አስተምረዋታል። ቀላል ነው። በአንድ ገጽ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ ሁለት መስመር ወይም ሦስት። የሚያስፈልገው ወረቀትና ከለር ነው። መምህርቷ ያለፈ ዓመት ትልልቅ የግድግዳ ካላንደርና የተሰባበረ የሰም ከለር ሰጠቻት። የካላንደሩ ጀርባ ነጭና ወፍራም ነው።

ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመለስ ምንጣፉ ላይ ዘርግታ ጀመረች። ዩስራ ከሩቅ ታያለች። ወተቱን መጠጣት ጀምራለች፣ ግን ብርጭቆውን ራሷ ካልቀዳች አትጠጣም። ሚስከር ይህን እያየች ወተቱን እጇ በሚደርስበት ታስቀምጥላታለች።

በመጀመሪያው ገጽ ሻንጣ የያዘች ሴት አንድ ቤት ስትገባ ሳለች። ከሥሯ በትልልቁ ጻፈች፤ «ተረት ውስጥ ጅቡ ስም አለው፣ አህያው ስም አለው። እኔ ስም የለኝም። የእንጀራ እናት ይሉኛል።» በሁለተኛው ሴትዮዋ ልጅ ታቅፋለች። በሦስተኛው ልጅ ታበላለች። በአራተኛው ፈገግ ብላ ልጅ ታለብሳለች። ፀሐይ አለ፣ አበባ አለ።

ዩስራ ቀስ በቀስ እየተጠጋች መጥታ አራተኛው ላይ ደረሰች። አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኼ ውሸት ነው» አለች።

«እንዴት?»

«ትቆጪያለሽ እኮ። ባለፈው ጫማውን ወረወርሽ።»

«አንቺ ላይ ነው የወረወርኩት?»

«በሩ ላይ። ግን ወረወርሽ።»

ሚስከር ልትከራከር አፏን ከፈተች። ሥዕሉን ዳግመኛ አየችው። ሴትዮዋ ከመልአክ በቀር ማንንም አትመስልም። እንዲህ ያለች ሴት ሚስከር ብታገኝ ራሷ አታምናትም ነበር። ሦስቱን ገጽ ቀድዳ ጣለችና ከለሩን ለዩስራ ዘረጋችላት። «በይ ጫማውን አንቺ ሳዪው። ቀዩን ነበር አይደል?»

ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ የሁለቱ ሆነ። ዩስራ ትናገራለች፣ ሚስከር ትስላለች፤ ይጣላሉ፣ ይሰርዛሉ። ጫማው ሲበር የሚያሳይ ገጽ ወጣ፤ «እቆጣለሁ። የሚቆጣ ሁሉ መርዝ የለውም» ይላል። ፀጉር ስትፈታ የሚያሳይ ገጽ ወጣ፤ «ፀጉሯን ስፈታ ትጮኻለች። ጎረቤት 'ገደለቻት' ይላል። ፀጉር ሲፈታ የማይጮህ ማነው?» የወተቱም ገጽ አለ። ሴትዮዋ ብርጭቆ ይዛ ቆማለች፣ ልጂቱ ታያታለች፤ «ከልጄ ፊት ጠጣሁ። አልወደቅሁም። ግን በጣም አመመኝ» ይላል። ይህን ሲጽፉ ብርጭቆውን ቀለም የቀባችው ዩስራ ናት። ገጹን ሲጨርሱ ተነስታ ሁለት ብርጭቆ ወተት ራሷ ቀዳች። አንዱን ለሚስከር ሰጠቻት።

ሚስከር ደስ ስላላት ገጾቹን በስልኳ አንስታ ለአንዲት ወዳጇ ላከች። ስህተቷ ያ ነበር። ሥዕሉ ከዋትሳፕ ወደ ዋትሳፕ እየዘለለ ሳምንት ሳይሞላው መካ ገባ። ዑተይቢያ ሰፈር ካለችው ረውዳ እጅ ደረሰ።

ረውዳ የሟቿ የሉባባ ታላቅ እህት ናት። እህቷን አጥባ የገነዘቻት እሷ ነች። ዑተይቢያ ለሐጃጅ ዓባያና ሽቶ የምትሸጥ፣ ተናግራ የምትሰማ ሴት ናት። ሙሐመዲንን ከሥራው አስጠርታ «ጁምዓ ለምሳ ኑ። ልጂቱንም አምጡ። ያንን ወረቀትም ይዛ ትምጣ» አለችው።

«ነገር አለ» አለ ሙሐመዲን ለሚስከር፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም አለኝ።»

ዳገቱን ወጥተው፣ ጠባቡን ደረጃ ወጥተው ገቡ። ረውዳ ከባሏ ከአቶ አብዱልረሕማንና ከሁለት አሮጊት ጎረቤቶች ጋር ትጠብቃለች። አቶ አብዱልረሕማን ሰው ሲጣላ የሚጠሩት፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሩዙ ተበላ። ሰፍራው፣ ምግብ የሚቀርብበት ጨርቅ፣ ሳይነሳ ረውዳ ጀመረች።

«ሙሐመዲን፣ እንግዲህ በግልጽ ልናገር። ልጂቱ ከእኔ ጋር ትኑር። የእናቷ ሥጋ ነኝ። እስከዛሬ ዝም ያልኩት አንተን አክብሬ ነው። ይኼን ወረቀት ካየሁ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም።»

«ወረቀቱ ምን አደረገሽ፣ እትዬ ረውዳ?» አለች ሚስከር።

«ምን አደረገኝ? የእህቴን ቤት ወረስሽ፣ ልጇን ወረስሽ፣ አሁን ደግሞ ተረቱንም ልትወርሺ?»

«አዎ። ተረቱንም» አለች ሚስከር። «ከሦስቱ የከበደኝ እሱ ነው።»

አሮጊቶቹ ተያዩ። ሙሐመዲን አንገቱን ደፍቶ የሰፍራውን ጠርዝ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ሚስከር ወደሱ ዞረች።

«የዩስራ አባት፣ አንተ ነህ ያመጣኸኝ። ተናገር።»

ሰውየው ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄን አልሰጥም» አለ። ሌላ አልጨመረም። ሚስከር ከዚያ በላይ ጠብቃ ነበር፤ ግን ለሱ ይህም ዳገት መሆኑን ስለምታውቅ ተቀበለችው።

ረውዳ ልትመልስ ስትል አቶ አብዱልረሕማን እጃቸውን አነሱ። «ሳይሰሙ መፍረድ ሐቅ አይደለም። እስቲ ወረቀቱ ይነበብ።»

ሚስከር መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ቆማ አነበበችው። ሥዕሉን እያዞረች ለሁሉም አሳየች። ድምጿ መጀመሪያ ገጽ ላይ ዝቅ ያለ ነበር፣ ጫማው ላይ ስትደርስ ቀና። ፀጉሩ ላይ አንደኛዋ አሮጊት «ወላሂ እውነቷን ነው!» ብላ ሳቀች። ወተቱ ላይ ማንም አልሳቀም። ዩስራ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ በቃሏ ይዛዋለች።

ሲያልቅ ረውዳ ቀዝቀዝ ባለ ድምጽ ተናገረች።

«ጨረስሽ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በተረቱ ውስጥ ሟቿ እናት አለች። ክፉ ይሁን ደግ፣ አለች። ባንቺ መጽሐፍ ውስጥ እህቴ የታለች? ጫማው አለ፣ ብርጭቆው አለ። ሉባባ የለችም። አጠፋሻት እኮ።»

ይህ ቃል ሚስከርን ከስድብ ሁሉ በላይ ወጋት፣ ምክንያቱም እውነት ነበረበት። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሷ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀና አለች።

«ፊቷን አላውቀውማ» አለች። «በምን ልሳላት? ስገባ ቤቱ ውስጥ አንድ ፎቶ አልነበረም። ይኼ ሰውዬ ለማን እንደሰጠ ጠይቄው 'ረውዳ ወሰደችው' አለኝ። ልጂቱ የእናቷን መልክ በሕልም ነው የምትፈልገው። የደበቅሻት አንቺ ነሽ!»

«እንዳትቀጂው ብዬ ነዋ!»

«ለምን እቀደዋለሁ? ቀድጄ አይተሽኝ ታውቂያለሽ? በዓይንሽ ሳታዪኝ ነው የደበቅሽው። ተረት ሰምተሽ ነዋ!»

ረውዳ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ቆየች። አሮጊቶቹ ሰፍራውን ሊያነሱ ሲሉ አቶ አብዱልረሕማን «ተዉት» አሉ። ስትመለስ አይኗ ቀልቷል፤ በእጇ በፌስታል የተጠቀለለ ፎቶ አለ። ለሚስከር አልሰጠቻትም። ዩስራ ፊት ቁጭ ብላ ለልጂቱ ሰጠቻት።

ዩስራ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። አንዲት ወጣት ሴት ባሕር ዳርቻ ቆማ ትስቃለች፤ ነፋሱ ሻሿን አንስቶታል።

«ጥርሷ ፍንጭት ነው» አለች ዩስራ። ከዚያ የራሷን ጥርስ በጣቷ ነካች።

ቆማ የነበረችው ሚስከር አጠገቧ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ከለር አወጣች፣ ከካላንደሩ ያልተሠራበትን ገጽ ገለበጠች። «እትዬ ረውዳ፣ ሻሹ ቀለሙ ምን ነበር? ፎቶው ላይ ደብዝዟል።»

«ብርቱካን» አለች ረውዳ። «ብርቱካን ነበር። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ አለው። ሰፋ አድርገሽ ሳዪው፣ ጠባብ ሻሽ አትወድም ነበር።» ከዚያም ሳታውቀው ወደ ወረቀቱ ተጠጋች። «አይ፣ አፍንጫዋ እንዲህ አይደለም። አቅኚው።»

እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ተቀመጡ። ገጹ ሲያልቅ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ ተከራከሩ፤ ረውዳ አንድ ስትል ሚስከር ሌላ ስትል፣ ዩስራ እርሳሱን ቀምታ በተንጋደደ ፊደሏ «ይቺ እናቴ ናት። ሉባባ ትባላለች። ኻልቲ ሳለቻት» ብላ ጻፈች። «ሳለቻት»ን «ሳልቻት» ብላ ነው የጻፈችው፤ ማንም አላረመውም።

ሲወጡ ረውዳ ደረጃው ላይ ሚስከርን ክንዷን ያዘቻት። «ትምህርት ሲዘጋ እኔ ጋ ትመጣለች።»

«ትምጣ። ቤቷ ነው።»

«መጽሐፉን ግን አልወደድኩትም። ይታወቅልኝ።»

«አትውደጂው» አለች ሚስከር። «ብቻ ዳግመኛ ስለኔ ስታወሪ እኔን ጠይቀሽ አውሪ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስከር መጽሐፉን ይዛ አየለች ክፍል ሄደች። ልጆቹ ተረቱን በሰሙበት ቦታ ይሄኛውንም እንዲሰሙ ነው የፈለገችው። አየለች ፈቃደኛ ነበረች፤ ነገር ግን ክፍሏን የሚያስተባብሩ ወላጆች ነበሩ፣ ከነሱም አቶ ሀብታሙ የሚባል፣ ሁለት ልጆቹን የሚያስተምር ሰው እንቢ አለ።

«የአባቶቻችን ተረት ለምን ይገለበጣል?» አለ። «ዛሬ የእንጀራ እናት ደግ ናት ካልን ነገ ጅቡም ደግ ነው ሊባል ነው። ልጅ ክፉንና ደጉን በምን ይለያል?»

«በማየት» አለችው ሚስከር። «ደግሞ ደግ ናት አላልኩም፣ አቶ ሀብታሙ። ጫማ ትወረውራለች። አንብበውታል?»

አላነበበውም። ቢሆንም በዚህ ክፍል አይነበብም ተባለ። ሚስከር አልተለማመጠችም። የቅዳሜው ትምህርት እስኪያልቅ ጠበቀችና በዐስር ሶላት ሰዓት ሰገነቱ ላይ ምንጣፍ ዘረጋች። መጀመሪያ የመጣው የዩስራ ጓደኛ ብቻ ነበር። ኋላ ሌሎቹም ከታጠበው ልብስ መሐል ሹልክ ሹልክ እያሉ መጡ። «የሷም እናት የእንጀራ ናት» ያለው ልጅ፣ አዲል፣ ከፊት ተቀመጠ። የጫማው ገጽ ላይ ሲደርሱ «የኔ እናት ማማሰያ ነው የምትወረውረው!» ብሎ ጮኸ። ሌላዋ «የኔ ስልክ!» አለች። ሚስከር እስኪስቁ ጠበቀቻቸው። የሉባባን ገጽ ግን ያነበበችው ዩስራ ናት፣ ቆማ፣ ጮክ ብላ፣ በሁሉም ፊት።

የአቶ ሀብታሙ ልጆች አልመጡም። በሦስተኛው ቅዳሜ ትንሹ መጣ፤ አባቱ ያውቅ ይሆን አያውቅ አልተጠየቀም። ልጆቹ የጅቡንም አምጪ ብለው አስቸገሯት። የጅቡ መጽሐፍ አጨቃጨቀ፤ አዲል ጅቡ አህያውን አልበላም ተብሎ እንዲጻፍ ሲፈልግ ዩስራ «በልቷል። ግን ርቦት ነው» ብላ ድርቅ አለች። ርቦት በልቷል ተብሎ ተጻፈ።

አየለችም አንድ ቀን ወጥታ ከኋላ ተቀመጠች። ሲያልቅ ሚስከርን ጎን ወስዳ «የእናቴን ተረት ማውራት አላቆምም፣ ልንገርሽ» አለቻት።

«አታቁሚ። እናትሽ ናት። ስትጨርሺ ግን 'እሷስ ምን ትል ነበር?' ብለሽ ጠይቂያቸው።»

«ይኼን እንኳን እችላለሁ» አለች አየለች። ከዚያ ወዲህ ትጠይቃለች ይላሉ።

በዓመቱ ሚስከር አረገዘች። ሆዷ መታየት ሲጀምር የሴቱ አፍ እንደገና ተከፈተ። ፎቅ የምትኖረው ቆንጂት፣ ክፋት የሌለባት ግን አፏ የማይዘጋ ሴት፣ ደረጃ ላይ አግኝታት «እንግዲህ ማሻ አላህ በይ!» አለቻት። «የእንጀራ እናት የምትታወቀው የራሷን ስትወልድ ነው ይባላል። ያኔ እናያለን።»

«እዩ» አለች ሚስከር። «በሬን አልዘጋም። ስትመጪ ግን እጅሽን ታጥበሽ ነይ፣ የሚታጠፍ ልብስ አይጠፋም።»

ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሰልማን አሉት። ቆንጂት እንዳለችው መጣች፣ ሕጻኑን አቀፈች፣ ዓይኗ ግን ዩስራ የምትገባበት በር ላይ ነበር። ያን ሰዓት ዩስራ ከትምህርት ገብታ ጫማዋን ከነአቧራው የሕጻኑ ፍራሽ ላይ ጣለችው። ሚስከር ድሮ እንግዳ ካለ ድምጿን ቀንሳ፣ በዓይኗ ብቻ ነበር የምትቆጣት። የዚያን ቀን ግን ከተኛችበት ቀና አለችና ቆንጂት ፊት፣ ክፍት በሩ ፊት፣ ደረጃው እስኪሰማ «ዩስራ! ይኼ የጫማ ቦታ ነው?» ብላ ጮኸች።

ዩስራ ጫማዋን አንስታ ወደ በሩ ስትሄድ እያጉረመረመች ነበር። «ሰማሁ፣ ሰማሁ፣ ኻልቲ። ሕጻኑን ታስነሺዋለሽ።»

ቆንጂት አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየች። ሚስከር የልብሱን ቅርጫት በእግሯ ወደሷ ገፋ አደረገችላት።

«ያላ፣ በይ» አለቻት። «ፎጣዎቹን ለብቻ እጠፊ።»